የሳይንስ ልብ ወለድ ደራስያን ሳይንስን ከየት ተማሩት?

መግቢያ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በተመላላሽ ሕክምና ክፍል ተረኛ በነበርኩበት አንድ ጠዋት፣ የጉሮሮ ሕመም የያዘው አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሊታከም መጣ። መርምሬው መድኃኒቱን ከጻፍኩለት በኋላ ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆም ብሎ፣ «ዶክተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። የሌላ ሰው ኩላሊት ሲተከልብን፣ ሰውነታችን ኩላሊቱ ባዳ መሆኑን በምን ያውቃል?» አለኝ። ለምን እንደፈለገው ስጠይቀው አንገቱን ደፍቶ ልብ ወለድ እየጻፈ መሆኑን ነገረኝ። መልሱን አውቀው ነበር። ነገር ግን የተማርኩት በእንግሊዝኛ ስለሆነ በአማርኛ ልጀምርለት ስል ቃላቱ አልታዘዝ አሉኝ። ከበሩ ውጭም ወረፋው ረዝሟል። «ሌላ ጊዜ ና» ብዬ ሸኘሁት። ተመልሶ አልመጣም።

ይህ አጋጣሚ ሲከነክነኝ ቆይቶ አንድ ጥያቄ አስነሣብኝ። ስለ ጨረቃ ጉዞ፣ ስለ አቶሚክ ቦምብ፣ ስለ አካል ንቅለ ተከላ ነገሩ እውን ከመሆኑ አስቀድመው የጻፉ የቀድሞ ደራስያን ዕውቀቱን ከማን አገኙት? ብዙ ጊዜ እነዚህን ሰዎች እንደ ነቢያት መቁጠር ይቀናናል። የሕይወት ታሪካቸው ሲመረመር የሚገኘው ግን ትንቢት ሳይሆን ትምህርት ነው። ከእያንዳንዳቸው ጀርባ ጊዜውን ሰጥቶ ያስረዳ አንድ መምህር፣ አንድ ሐኪም ወይም በሚገባ ቋንቋ የተጻፈ አንድ መጽሐፍ አለ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ በጥቂት ምሳሌዎች ማሳየትና ለእኛ ለሕክምና ባለሙያዎች ያለውን ትርጉም ማመልከት ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሜሪ ሼሊ፦ ከእንግዶች ጨዋታ የተቀሰመ ዕውቀት

የዘመናዊ የሳይንስ ልብ ወለድ መነሻ ተደርጎ በብዙዎች የሚጠቀሰው «ፍራንከንስታይን» የታተመው በጃንዋሪ 1818 ነው። ደራሲዋ ሜሪ ሼሊ መጽሐፉን መጻፍ ስትጀምር ገና አሥራ ስምንት ዓመቷ ነበር። ዩኒቨርሲቲ አልገባችም፤ በዘመኑ በእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች ለሴቶች በር አልተከፈተም ነበርና። ታዲያ ስለ ኬሚስትሪ፣ ስለ አናቶሚና ስለ ኤሌክትሪክ ከየት ሰማች?

የሜሪ ታሪክ ገና ከጅምሩ ከሕክምና ጋር የተቆራኘ ነው። የተወለደችው በኦገስት 30 ቀን 1797 ለንደን ውስጥ ሲሆን፣ እናቷ ዝነኛዋ የሴቶች መብት ተሟጋች ሜሪ ዎልስተንክራፍት ነበረች። ልጅቱ ከተወለደች በኋላ እንግዴ ልጁ አልወጣም። የተጠራው ሐኪም እጁን አስገብቶ እየቆራረጠ አወጣው። እናቲቱ በአራስ ትኩሳት ተይዛ በሴፕቴምበር 10 ቀን አረፈች። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1795፣ አሌክሳንደር ጎርደን የተባለ የአበርዲን ሐኪም ይህን ትኩሳት ከአራስ ወደ አራስ የሚያስተላልፉት ሐኪሞችና አዋላጆች ራሳቸው መሆናቸውን ጽፎ ነበር። ሰሚ ግን አላገኘም። ሴሜልቫይስ በቪየና እጅ መታጠብን ግዴታ ያደረገው ከሃምሳ ዓመት በኋላ በ1847 ነው። ዕውቀት ተገኝቶ ሳለ ለሚያስፈልገው ሰው ሳይደርስ ሲቀር ዋጋው ምን ያህል እንደሆነ ይህ ሞት ይመሰክራል።

አባቷ ዊልያም ጎድዊን ፈላስፋና ደራሲ ስለነበር ቤቱ ከእንግዳ አይለይም ነበር። ከሚመጡት መካከል ኬሚስቱ ሃምፍሪ ዴቪ፣ እንዲሁም በ1800 ውኃን በኤሌክትሪክ ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን የከፈሉት ዊልያም ኒኮልሰንና ቀዶ ሐኪሙ አንቶኒ ካርላይል ይገኙበታል። ልጅቱ ያደገችው እነዚህ ሰዎች ሲጨዋወቱ እየሰማች ነው። ከጎልማሶች ጨዋታ ልጆች በሚባረሩበት ዘመን ይህ ትልቅ ዕድል ነበር።

በዚያን ጊዜ የኤሌክትሪክ ነገር የመላው አውሮፓ መነጋገሪያ ነበር። ጣልያናዊው ሐኪም ሉዊጂ ጋልቫኒ የሞተ እንቁራሪት እግር በኤሌክትሪክ ሲነካ እንደሚወራጭ በ1791 አሳትሞ ነበር። የእኅቱ ልጅ ጆቫኒ አልዲኒ ደግሞ በጃንዋሪ 1803 ለንደን መጥቶ፣ ሚስቱንና ልጁን ገድለሃል ተብሎ በስቅላት የተቀጣውን የጆርጅ ፎርስተርን ሬሳ በኤሌክትሪክ ፈተነ። መንጋጋው ተንቀጠቀጠ፣ አንድ ዓይኑ ተከፈተ፣ እጁም ተጨበጠ። በስፍራው ከነበሩት አንዳንዶቹ ሟቹ ሊነሣ ነው ብለው አስበው ነበር። ሜሪ በዚያን ጊዜ የአምስት ዓመት ልጅ ናት፤ ወሬው ግን ለዓመታት አልበረደም።

ከአልዲኒም ሌላ በዘመኑ ሞትና ሕይወት የሚለዩበትን ድንበር የሚያጠራጥር ሥራ ይሠራ ነበር። በ1774 ለንደን ውስጥ የተቋቋመው ሮያል ሂውሜን ሶሳይቲ ውኃ የበላቸውን ሰዎች ትንፋሽ የመመለስ ዘዴ ለሕዝብ ያስተምር ነበር። የሜሪ እናት ራሷ በ1795 ከቴምዝ ወንዝ ሞተች ከተባለች በኋላ የዳነች ሴት ነች። የሜሪ ባል ገጣሚው ፐርሲ ሼሊ ይታከምበት የነበረው ቀዶ ሐኪም ዊልያም ሎረንስ በበኩሉ፣ ሕይወት ከአካል አሠራር የተለየ ረቂቅ ኃይል ናት ወይስ የአካሉ ሥራ ራሱ ነው በሚለው ጥያቄ ከመምህሩ ከጆን አበርነቲ ጋር በአደባባይ ይሟገት ነበር።

በ1816 በጋ ሜሪና ፐርሲ ከገጣሚው ሎርድ ባይረን ጋር በጄኔቫ ሐይቅ ዳርቻ ከረሙ። በኢንዶኔዥያ የታምቦራ እሳተ ገሞራ በ1815 የረጨው አመድ የዓለምን አየር ስላቀዘቀዘው ያ በጋ ብርድና ዝናብ ነበር። ከቤት መውጣት ያቃታቸው ወዳጆች የሙት መንፈስ ታሪክ ለመጻፍ ተወዳደሩ። ከመካከላቸው የባይረን የግል ሐኪም ጆን ፖሊዶሪ ነበር። በኤድንብራ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ የተመረቀው ይህ ወጣት የመመረቂያ ጽሑፉን ያዘጋጀው በእንቅልፍ ልብ ስለሚሄዱ ሰዎች ነው። በቤቱ ስለ ሕይወት ምንጭ ብዙ ተወራ። ሜሪም በዚያው ዓመት መኸር ልብ ወለዱን እየጻፈች የዴቪን የኬሚስትሪ መጽሐፍ ታነብ እንደነበር ዕለታዊ ማስታወሻዋ ያሳያል።

አንድ ነገር መጨመር አስፈላጊ ነው። ከዚህ ሁሉ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1815፣ ሜሪ ጊዜዋን ሳትጠብቅ የተወለደች ልጇን ቀብራ ነበር። ሕፃኗ በእሳት ዳር ሰውነቷ ታሽቶ ነፍስ ስትዘራ በሕልሟ እንዳየች፣ ስትነቃ ግን ልጅቱ እንደሌለች በማስታወሻዋ ጽፋለች። ስለዚህ ሳይንሱ ለሜሪ የቤት ጌጥ አልነበረም። ልጇንና እናቷን ከወሰደባት ሞት ጋር የምትከራከርበት ቋንቋ ነበር። ፍራንከንስታይን የፈጠረውን ፍጡር ጥሎ በመሸሹ የሚደርሰው ጥፋትም ዛሬ በሕክምና ሥነ ምግባር ትምህርት የሚነሣው የፈጠሩትን የመንከባከብ ኃላፊነት ጉዳይ ነው።

ዡል ቬርን፦ ጋዜጣና የማስታወሻ ካርድ

ፈረንሳዊው ዡል ቬርን በ1828 ናንት ከተማ ተወለደ። አባቱ የሕግ ባለሙያ ስለነበር እሱንም ሕግ እንዲያጠና ወደ ፓሪስ ላከው። ቬርን ሳይንስን በትምህርት ቤት የተማረ ሰው አልነበረም፤ ይህንንም አይሸሽግም ነበር። የሠራበት ዘዴ ግን የማንኛውንም ተመራማሪ ቀልብ የሚስብ ነው። በ1890ዎቹ ለጠየቀው ጋዜጠኛ እንደገለጸው፣ በየቀኑ አሥራ አምስት ያህል ጋዜጦች ያነብ ነበር፤ የሳይንስ ማኅበራትን መግለጫዎችም ይከታተላል፤ የሚጠቅመውን ሁሉ በማስታወሻ ይይዛል። በዚህ ሁኔታ ያከማቸው ማስታወሻ ከ20,000 በላይ ደርሶ ነበር።

ከማንበብ ባሻገር ባለሙያ መጠየቅ አያፍርም ነበር። ፎቶግራፍ አንሺውና የባሉን በራሪው ናዳር ወዳጁ ነበር። የሒሳብ ሊቁ የአጎቱ ወገን አንሪ ጋርሴ ደግሞ በ1865 ለታተመው «ከመሬት ወደ ጨረቃ» ስሌቱን በመሥራት ረድቶታል። በዚህም ምክንያት መንኮራኩሩ ከመሬት ስበት ለማምለጥ የሚያስፈልገው ፍጥነት፣ በሰከንድ አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በመጽሐፉ ውስጥ በትክክል ተቀምጧል።

ይሁን እንጂ ቬርን ሐኪም አለመጠየቁ በግልጽ የሚታይበት ቦታ አለ። ሦስቱ ተጓዦች ወደ ጨረቃ የሚተኮሱት 900 ጫማ፣ ማለትም 270 ሜትር ያህል ርዝመት ባለው መድፍ ነው። በዚህ አጭር ርቀት ያን ፍጥነት ለማግኘት የሚያስፈልገው ግፊት ከመሬት ስበት ከ20,000 እጥፍ በላይ ይሆናል። ደራሲው ግፊቱን ለማብረድ በውኃ የተሞላ ወለል አዘጋጅቶላቸዋል። ሆኖም በዚያ ኃይል ሰው በሕይወት ሊቆይ ቀርቶ አጥንቱም አይተርፍም። የፊዚክሱ ስሌት ትክክል ሆኖ ሳለ የፊዚዮሎጂው ነገር ተረሳ። የሒሳብ ሊቅ በቤተሰቡ መካከል ነበርና ጠየቀው፤ ፊዚዮሎጂን የሚያውቅ ሰው ግን በአጠገቡ አልነበረም።

የቬርን ምንጮች ሌላም ጉድለት ነበረባቸው። በ1863 የታተመውና ዝና ያተረፈለት «አምስት ሳምንት በባሉን» ከዛንዚባር ተነሥተው በዓባይ ምንጭ በኩል አድርገው እስከ ሴኔጋል የሚዘልቁ መንገደኞችን ታሪክ ይተርካል። ቬርን አፍሪካን ውስጧን አላየም። የጻፈው እንደ በርተን፣ እንደ ስፒክና እንደ ባርት ያሉ የአውሮፓ አሳሾች ካሳተሙት ዘገባ ነው። ከዘገባዎቹ ተራራውንና ሐይቁን ብቻ ሳይሆን ለአፍሪካውያን የነበራቸውንም ንቀት አብሮ ወሰደ። ጸሐፊ የምንጩን ያህል ነው። ስለ እኛ የሚጻፈውን ሌሎች ብቻ ሲጽፉት ምን እንደሚመስል ከዚህ መጽሐፍ መረዳት ይቻላል።

ኤች. ጂ. ዌልስ፦ የመምህር ፍሬ

በ1866 የተወለደው እንግሊዛዊው ኸርበርት ጆርጅ ዌልስ የድኻ ልጅ ነው። አባቱ ያልተሳካለት ባለሱቅ፣ እናቱ በሰው ቤት የምታገለግል ሴት ነበረች። በሰባት ዓመቱ እግሩ ተሰብሮ ሲተኛ መጻሕፍት ተዋሱለት፤ የንባብ ፍቅር ያደረበት ያኔ ነው። በኋላም ጨርቅ ሻጭ እንዲሆን በተለማማጅነት ተቀጠረ፤ ሥራውን ግን አምርሮ ጠላው። በ1884 በደቡብ ኬንሲንግተን ለሚገኘው የሳይንስ መምህራን ማሠልጠኛ የነፃ ትምህርት ዕድል ሲያገኝ ሕይወቱ ተለወጠ።

እዚያ ባዮሎጂን አንድ ዓመት ያስተማረው የሠለጠነ ሐኪም የነበረው ቶማስ ሄንሪ ሀክስሊ ነው። ሀክስሊ የዳርዊን ጽኑ ጠበቃ ከመሆኑም ሌላ፣ ለሠራተኛው መደብ በቀላል ቋንቋ ሕዝባዊ ንግግር በማድረግ የታወቀ ነበር። ዌልስ ያን ዓመት እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ሲያመሰግነው ኖሯል። በቀጣዮቹ ዓመታት ግን ትምህርቱን ቸል ብሎ ወደቀ። በ1887 በኳስ ጨዋታ ላይ በደረሰበት ጉዳትና በሳንባ ሕመም ተዳከመ፤ ሐኪሞችም የሳንባ ነቀርሳ ነው ብለው ጠረጠሩ። በመጨረሻ በ1890 በሥነ እንስሳት ተመረቀ። በ1893 ያሳተመው የመጀመሪያ መጽሐፉም ልብ ወለድ ሳይሆን የባዮሎጂ መማሪያ ነበር።

ይህ ሁሉ በድርሰቱ ውስጥ ይታያል። ኮኽ የኮሌራን ተህዋስ ለይቶ ካሳወቀ ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1894፣ ዌልስ ከአንድ የባክቴሪያ ተመራማሪ ላቦራቶሪ ኮሌራ የመሰለውን ተህዋስ ሰርቆ ከተማ ሊበክል ስለተነሣ ሰው አጭር ልብ ወለድ ጻፈ። በ1896 የወጣው «የዶክተር ሞሮ ደሴት» በሕይወት ባሉ እንስሳት ላይ ስለሚደረግ ቀዶ ሕክምና በዘመኑ የነበረውን ክርክር ያስተጋባል። በ1898 በታተመው «የዓለማት ጦርነት» ደግሞ መድፍ ያልበገራቸውን የማርስ ወራሪዎች የሚገድላቸው ባክቴሪያ ነው። ሰው ከተህዋስያን ጋር ለሺህ ዘመናት ታግሎ የመከላከያ አቅም ሲያዳብር እነሱ ግን ያን ትግል አያውቁትም። የመጽሐፉ ፍጻሜ ከሀክስሊ ክፍል የወጣ የባዮሎጂ ትምህርት ነው ማለት ይቻላል።

ከሁሉ በላይ አስደናቂው ግን የ«ነፃ የወጣው ዓለም» ታሪክ ነው። ኬሚስቱ ፍሬደሪክ ሶዲ በ1908 በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ስለ ራዲየም ለማንኛውም ሰው ክፍት የሆኑ ነፃ ንግግሮች አደረገ፤ በ1909ም በመጽሐፍ አሳተማቸው። መጽሐፉ በዌልስ እጅ ገባ። ዌልስ በ1914 ባወጣው ልብ ወለድ «አቶሚክ ቦምብ» የሚለውን ስም ለዓለም አስተዋወቀ፤ መጽሐፉንም ለሶዲ ሥራ መታሰቢያ አደረገው። በልብ ወለዱ ውስጥ ምሥጢሩ የሚገለጠው በ1933 ነው። ሃንጋሪያዊው የፊዚክስ ሊቅ ሊዮ ዚላርድ ይህን መጽሐፍ በ1932 አነበበ። በዓመቱ፣ በሴፕቴምበር 1933፣ ለንደን ውስጥ መንገድ ሲሻገር ሰንሰለታዊው የኑክሌር ሂደት እንዴት ሊሆን እንደሚችል በአእምሮው መጣለት። የሚያስከትለውን ያወቀው ከዌልስ ስለነበር፣ የፈጠራ መብቱን በምሥጢር እንዲጠበቅ ለእንግሊዝ ባሕር ኃይል አስረከበ። ዌልስ በኦገስት 1946 ከመሞቱ አንድ ዓመት በፊት ሂሮሺማ ተቃጠለች።

ከአንድ ሕዝባዊ ንግግር ወደ አንድ ልብ ወለድ፣ ከልብ ወለዱም ወደ ሳይንቲስቱ የተጓዘው ይህ ሐሳብ፣ ዕውቀት ከላይ ወደ ታች ብቻ እንደማይፈስ ያስረዳል። ደራሲው የተቀበለውን ሲመልስ የነገሩን ሰብአዊ ጣጣ ጨምሮበት ነው።

ለሕክምና ሰዎች የሚጠቀስ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ዌልስ በስተርጅና የስኳር በሽታ ነበረበት። በ1933 ለንደን በሚታተመው ታይምስ ጋዜጣ ላይ የሕሙማን ማኅበር እንዲቋቋም ጥሪ አደረገ። በ1934ም ከዶክተር አር. ዲ. ሎረንስ ጋር ማኅበሩን መሠረቱ። ሎረንስ ራሱ የስኳር ሕመምተኛ ሲሆን፣ በ1923 ከሞት አፋፍ የመለሰው በጊዜው አዲስ የነበረው ኢንሱሊን ነው። ከሳይንስ የተማረው ደራሲ ብዕሩን ለሕሙማን አገልግሎት አዋለ።

ሚኻኢል ቡልጋኮፍ፦ ሐኪሙ ደራሲ

ቡልጋኮፍ በ1891 ኪየቭ ተወልዶ በዚያው ከተማ በ1916 በሐኪምነት ተመረቀ። ወዲያውም በስሞሌንስክ አውራጃ ወደሚገኝ ሩቅ የገጠር ሆስፒታል ተመደበ። ከመጽሐፍ በቀር አማካሪ የሌለው አዲስ ሐኪም በውድቅት ሌሊት አስቸጋሪ ምጥ ወይም ጉሮሮው የተዘጋ ሕፃን ሲመጣበት ምን እንደሚሰማው በኋላ በአጫጭር ታሪኮቹ ተርኮታል። በአገራችን ገጠር ያገለገለ ሐኪም ሁሉ እነዚያን ታሪኮች ቢያነብ ራሱን ያያል። ቡልጋኮፍ በዚያ ብቸኝነት ውስጥ በሞርፊን ሱስ ተይዞ በብዙ ትግል ተላቋል። በ1920 ገደማ ሕክምናን ትቶ ወደ ድርሰት ዞረ።

በ1925 የጻፈው «የውሻ ልብ» አንድ የሞስኮ ፕሮፌሰር የሞተ ሰው ፒቱታሪ ዕጢና የዘር ፍሬ ወደ ውሻ ሲያዛውር የሚሆነውን ይተርካል። ውሻው ቀስ በቀስ ሰው ይሆናል፤ ያውም ባለጌ ሰው። ሐሳቡ ከባዶ የመጣ አልነበረም። ሰርጅ ቮሮኖፍ የተባለ ሐኪም ከ1920 ጀምሮ ፓሪስ ውስጥ የጦጣ ዝርያ እንስሳትን የዘር ፍሬ ቁራጭ በሽማግሌዎች ላይ እየተከለ ወጣትነትን እመልሳለሁ ይል ነበር፤ ባለጠጎችም ይጎርፉለት ነበር። በ1921 የኢንሱሊን መገኘት ለዕጢዎች ሳይንስ ትልቅ ክብር ባስገኘበት ወቅት እውነተኛውን ከአጉሉ መለየት ቀላል አልነበረም። ብዙ የሕክምና ሰዎች በቮሮኖፍ ሥራ ተስፋ ባደረጉበት ጊዜ ቡልጋኮፍ ሳቀበት። ቀዶ ሕክምናውን የሚገልጽበት ጥራት የሠለጠነ እጁን ያሳያል፤ ፌዙ ደግሞ የሐኪም ጥርጣሬውን። የሶቪየት ፖሊስ በ1926 ረቂቁን ወረሰበት፤ በአገሩ የታተመውም ደራሲው ከሞተ ከ47 ዓመት በኋላ በ1987 ነው።

የቮሮኖፍ ተከላ ለምን ሊሠራ እንደማይችል በማስረጃ የታወቀው ዘግይቶ ነው። ፒተር ሜዳዋር ከቀዶ ሐኪሙ ቶማስ ጊብሰን ጋር በግላስጎው ቃጠሎ የደረሰበትን ሕመምተኛ ሲያክሙ፣ ከሌላ ሰው የተወሰደ ቆዳ እንደማይዝ፣ ለሁለተኛ ጊዜ ሲሞከር ደግሞ ይበልጥ ፈጥኖ እንደሚወድቅ አስተዋሉ፤ በ1943ም አሳተሙት። ሰውነት ባዳውን ያስታውሰዋል ማለት ነው። በ1954 ቦስተን ውስጥ የተሳካው የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ በተመሳሳይ መንትዮች መካከል የተደረገው ለዚህ ነበር።

ሌምና አሲሞቭ፦ ከላቦራቶሪና ከአንባቢ ጠረጴዛ

ፖላንዳዊው ስታኒስዋፍ ሌም የጉሮሮና የጆሮ ሐኪም ልጅ ነበር። ሕክምና ማጥናት የጀመረው በትውልድ ከተማው በልቮፍ ሲሆን፣ ከጦርነቱ በኋላ በክራኮው ቀጠለ። የጦር ሠራዊት ሐኪም ሆኖ እንዳይቀር ሲል የመጨረሻውን ፈተና አልወሰደም። በዚያን ጊዜ ሚየቺስዋፍ ሆይኖፍስኪ የተባለ ምሁር ባቋቋመው የሳይንስ ጥናት ክበብ ረዳት ሆኖ ከውጭ የሚላኩ መጻሕፍትን እያነበበ ለሌሎች አጠር አድርጎ ያቀርብ ነበር። ኖርበርት ዊነር በ1948 ያሳተመውን የሳይበርኔቲክስ መጽሐፍ ለማንበብ ብሎ መዝገበ ቃላት ይዞ እንግሊዝኛ ተማረ። በጦርነት በፈራረሰች አገር፣ ባዕድ በሆነ ቋንቋ የተጻፈን ዕውቀት በራሱ ቋንቋ ወደ ድርሰት የመለሰ ሰው ነው።

አይዛክ አሲሞቭ ደግሞ በ1948 ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በኬሚስትሪ የዶክትሬት ዲግሪ አግኝቶ፣ ከ1949 ጀምሮ በቦስተን ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ባዮኬሚስትሪ አስተማረ። በ1952 ለሕክምና ተማሪዎች የተዘጋጀውን የባዮኬሚስትሪ መማሪያ ከጻፉት ከሦስቱ አንዱ እሱ ነው። ስለ እሱ የሚነገር አንድ ቀልድ አለ። የዶክትሬት ፈተናው ሊደርስ ሲል፣ ውኃ ሳይጨመርበት አስቀድሞ ስለሚሟሟ ምናባዊ ንጥረ ነገር የምርምር ጽሑፍ የሚመስል ፌዝ አሳተመ። በብዕር ስም እንዲወጣ ቢጠይቅም በእውነተኛ ስሙ ታተመበት። ፈታኞቹ እንዳይቆጡ ሲሰጋ ከረመ። በቃል ፈተናው ፍጻሜ አንደኛው ፈታኝ ስለዚያው ንጥረ ነገር ሲጠይቀው ሳቁ አመለጠው፤ ማለፉንም ያኔ ተረዳ።

ቀልደኛ ቢሆንም በሳይንሱ አይደራደርም ነበር። በ1966 የወጣውን፣ ተጨንቀው ያነሱ ሐኪሞች በጥቃቅን ሰርጓጅ መርከብ ወደ ሕመምተኛ አንጎል ስለሚገቡበት ፊልም በመጽሐፍ መልክ እንዲጽፍ ሲጠየቅ አንድ ስሕተት አየ። በፊልሙ መርከቡ በነጭ የደም ሕዋስ ተውጦ በሕመምተኛው ውስጥ ይቀራል። መርከቡ ወደ ቀድሞ መጠኑ ሲመለስ ሰውየው መሞቱ አይቀርም። ስለዚህ በመጽሐፉ ነጩ ሕዋስ መርከቡን እንደዋጠ ተጓዦቹን ተከትሎ እንዲወጣ አደረገ።

ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን?

እነዚህ ደራስያን በአገር፣ በዘመንና በእምነት የተለያዩ ናቸው። አንዷ ከእንግዶች ጨዋታ፣ አንዱ ከጋዜጣ፣ አንዱ ከመምህር፣ አንዱ ከሕሙማን አልጋ ተማረ። የሚያመሳስላቸው ግን አለ። ሳይንስን የሚያውቁ ሰዎች ዕውቀታቸውን ከሙያ አጥር ውጭ ለማውጣት ፈቃደኞች በነበሩበት ቦታ ነው የተገኙት። ሀክስሊ ለሠራተኞች ባይናገር፣ ሶዲ ለግላስጎው ሕዝብ በሩን ባይከፍት፣ በጎድዊን ቤት እንግዶቹ ልጅቱ ስትገባ ዝም ቢሉ ኖሮ እነዚያ መጻሕፍት በያዙት መልክ አይጻፉም ነበር። ሐኪም ባልተጠየቀበት ቦታ ደግሞ የቬርን መድፍ አለ።

ሕዝብ ስለ ሕክምና ያለው ሥዕል በአብዛኛው የሚመጣው ከእኛ መጽሔት ሳይሆን ከሚሰማውና ከሚያነበው ታሪክ ነው። ታሪኩን የሚጽፈው ሰው ደግሞ ጠይቆ ካላገኘ የሚጽፈው ከአሉባልታ ነው። ስለዚህ ለጸሐፊ የሚሰጥ አሥር ደቂቃ ከሕሙማን የተሰረቀ ጊዜ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። ቃሉም በአማርኛ አይገኝም ማለት ለእኔ ምክንያት ሊሆነኝ አይገባም ነበር። ቃል የሚገኘው ሲፈለግ ነው።

ለዚያ ተማሪ ያን ዕለት ልመልስለት ይገባኝ የነበረው ይህን ያህል ነው። በሰውነታችን ውስጥ ባሉት ሕዋሳት ሁሉ ማለት ይቻላል፣ በገጻቸው ላይ ከእናትና ከአባታችን የወረስናቸው፣ እንደ መታወቂያ የሚያገለግሉ ፕሮቲኖች አሉ። ከተመሳሳይ መንትዮች በቀር የሁለት ሰዎች መታወቂያ አንድ ዓይነት ሆኖ የሚገኘው ከስንት አንድ ነው። በደም ውስጥ የሚዘዋወሩ ነጭ የደም ሕዋሳት እንደ ዘበኛ መታወቂያውን እየዳሰሱ ያልፋሉ። ገና በልጅነት፣ ከደረት አጥንት ጀርባ ባለ ታይመስ በተባለ ዕጢ ውስጥ፣ የራስን ወገን እንዳይነኩ ተፈትነዋል፤ ፈተናውን የወደቁትም ተወግደዋል። አዲሱ ኩላሊት ሲመጣ መታወቂያው ሌላ ስለሆነ ዘበኞቹ ጠላት ነው ብለው ይዘምቱበታል። ሐኪሞች መታወቂያው የሚቀራረብ ሰው የሚፈልጉትና ለተቀባዩ ዘበኞቹን የሚያለዝብ መድኃኒት ዘወትር የሚሰጡት ለዚህ ነው። ከ2015 ጀምሮ ይህ ሕክምና አዲስ አበባ ውስጥ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅም ተሰጥቷል።

ወጣቱ ታሪኩን ጨርሶት እንደሆነ አላውቅም። ይህ ጽሑፍ በእጁ ቢገባ ይቅርታዬን ከመልሱ ጋር እንዲቀበለኝ እለምነዋለሁ። የሙያ ባልደረቦቼም ከበር ላይ ቆም ብሎ የሚጠይቅ ወጣት ባገኙ ጊዜ «ሌላ ጊዜ ና» ከማለታቸው በፊት እንዲያስቡበት አደራ እላለሁ።